ከውስጥም ከውጭም ያልሆነው ነጥብ

ኮሺትሴ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1985

ውድ መምህሬ ሉቦር፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሳሉስ እንዴት አደረገዎት? የሳንባ ማገገሚያዎ ያለበት ተራራ ላይ በረዶው በርትቷል ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁና፣ እርስዎ መስኮት ከፍተው መተኛት ስለሚወዱ ተጨነቅኩ። እባክዎ ይዝጉት። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ ነው የምለው፣ ስለዚህ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስንፍና አይደለም። የጠየቁኝን ነገር አፌን ሞልቼ "አዎ" ማለት ስለፈለግኩ ነው። አዎ፣ ተልኳል። የዶክትሬት ጽሑፌ ተተይቦ፣ ተጠርዞ፣ ብራቲስላቫ ገምጋሚዎቹ እጅ ገብቷል። ታይፒስቷ ሁለቴ አስለቅሳኛለች፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ "ይሄ የሕፃን ሥዕል ነው እንጂ ሳይንስ ነው እንዴ?" ብላ ልትመልስብኝ ነበር። ሥዕሎቹን በየቅጂው ላይ ራሴ ሣልኳቸው፣ ቀዩን በቀይ እርሳስ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ። ቀለሙ ከጣቶቼ እስካሁን አልለቀቀም።

የምከላከልበት ቀን ተቆርጧል፣ ማርች 6። የፈታኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደሆኑ ሰምተዋል? ፕሮፌሰር ኩቢንስኪ። ሰውየው ጽሑፍ አያነቡም፣ ሥዕል ነው የሚያዩት ይላሉ፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፣ ያቺ አንዲት ደግሞ ትበቃለች ይላሉ። እኔ ሰው ያለውን ሁሉ ማመን ጀምሬያለሁ።

ስለ ሥራዬ የጠየቁኝን እንዳልደብቅዎት። ካለፍኩ የትምህርት ክፍሉ ውስጥ ቋሚ መምህር እሆናለሁ። ካላለፍኩ ውሌ ጁን ላይ ያበቃል፤ የምደባ ቢሮው ከአሁኑ ስሜን ምሥራቅ ጫፍ ላለ የእርሻ ትምህርት ቤት ጽፎታል። የትራክተር ተማሪዎችን ንቄ አይደለም፣ እግዜር ይመስክር። ግን እዚያ ከገባሁ ማን ያስታውሰኛል? ነጥብና መስመሬን ይዤ እዚያው እረሳለሁ። እናቴ "ቢያንስ ወተት ታገኛለሽ" አለችኝ። ከሳቅኩ በኋላ አለቀስኩ።

ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና አይተውታል? ዲሴምበር ላይ ትኩሳት እያለብዎት እንዳነበቡት ወይዘሮ ማርጊታ ነግረውኛል። ጊዜ ካገኙ ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣
ኦቲሊያ ህሪንኮቫ


ታትራ ተራራ፣ ጃንዋሪ 22

ኦትካ፣ ልጄ፣

ባለቤቴ ስለ እኔ የምትነግርሽን ግማሹን ጣይው። ሳሌ የድሮው ሳል ነው። መስኮቱን አልዘጋም። ምግቡ ግን ያስጠላል፤ ጠዋት የስንዴ ገንፎ፣ ማታ የስንዴ ገንፎ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሐኪሙ መጥቶ "ምግብ እየበሉ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። በበግ አይብ የተለወሰ የድንች ድብልብል በሕልሜ እበላለሁ። የፕለም አረቄ ልካችሁልኝ ማርጊታ ከበር ላይ መለሰችው አሉ። ይሄንን አልረሳላትም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ኢምሪሽ ይባላል፤ ዕድሜውን ሁሉ የጭነት ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰውዬ። ጽሑፍሽን አልጋዬ ላይ አይቶ አንሥቶ ገለበጠው።

"ይሄ የየት አገር ሐዲድ ነው?" አለኝ።

"ሐዲድ አይደለም። ነጥቦች አሉ፣ ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች አሉ። መስመር ከመስመር ቢቋረጥ ይፈቀዳል፤ ግን አንድ መስመር በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚቋረጠው።"

"እንደ ጋብቻ በለኛ።"

"እንደ ጋብቻ። አሁን ይቺ ልጅ የምትለው ምንድን ነው፣ ሁለት መስመሮች በተቋረጡበት ሁሉ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ ላደርግ እችላለሁ። ያኔ ሰማያዊዎቹ እርስ በርሳቸው የትም አይቋረጡም። ቀዮቹ ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናሉ፤ በቀይ ብቻ ሄደህ ዞረህ ወደ ተነሣህበት አትመለስም።"

"ቢዞሩስ ምን ይሆናል?"

"ቀለበት ይሆናላ። ቀለበት ካለው ያሰብነው ሁሉ ፈረሰ። የተወሳሰበውን ነገር ለሁለት ቀላል ነገር መክፈል ነው ሐሳቡ።"

ኢምሪሽ ጽሑፉን አገላብጦ አየና "ለማን ነው የሚጠቅመው?" አለኝ።

"ለጊዜው ለእሷ። ሥራዋ የቆመው በዚህ ላይ ነው።"

"እንግዲያ በደንብ እይላት" ብሎ ጽሑፉን መለሰልኝና ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ።

አስተያየቴን ዲሴምበር ላይ ለኮሚቴው ልኬዋለሁ። አሞግሼሻለሁ፤ ከሚገባሽ በላይ ነው፣ እንዳትኩራሪ። ሦስተኛውን ምዕራፍ አሁን በእርጋታ እያየሁት ነው። ገጽ 41 ላይ ያለውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት ሥለሽ ላኪልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ኩቢንስኪን አትፍሪው፣ ወጣት ሳለን አብረን ተራራ ወጥተናል፤ ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነበር። ገጽ 41ን አትርሺ።

ሉቦር ጋይዶሽ


ኮሺትሴ፣ ጃንዋሪ 30

ውድ መምህሬ፣

ሥዕሉ ከዚህ ጋር ተጠቅልሎ ይደርስዎታል። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ "የምን ካርታ ነው?" ብላ አፍጥጣብኝ ነበር፤ የልብስ ስፌት ንድፍ ነው አልኳት። መዋሸቴ አልቆጨኝም።

ዓይንዎ ነው የደከመው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ገጽ 41ን በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠሩት። እኔ እርስዎን አውቅዎታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የፓቬልን ጽሑፍ ሲያዩ "ገጽ ዘጠኝ፣ ገጽ ዘጠኝ" እያሉ ቡናዎ በረደ፤ ፓቬል አሁን ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ራሴ ልድገመው፣ እርስዎም ያርሙኝ። አንድ መቋረጫ ላይ እደርሳለሁ። ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ቀይ አደርጋለሁ። ከዚያ የቀዩን ሁለት ጫፎች ጎትቼ አጣብቃቸዋለሁ፤ ሁለት የነበሩት ነጥቦች አንድ ይሆናሉ። ወደሚቀጥለው መቋረጫ እሄዳለሁ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ አንዳንድ መስመር ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ነጥብ ላይ ይገቡና ቀለበት ይሆናል። ቀለበት የሆነ ቀይ መሆን አይችልም። ግን ችግር የለም፣ የሚያቋርጠውን ሌላኛውን መስመር ቀይ አደርጋለሁ። ሌላኛውስ ቀለበት ቢሆን? ሊሆን አይችልም፣ ገጽ 41 የሚለው ይሄንኑ ነው። ቀለበት አጥር ነው። አጥርን አንዴ ብቻ የተሻገረ መስመር አንዱ ጫፉ ውስጥ፣ አንዱ ጫፉ ውጭ ነው። ውስጥና ውጭ ደግሞ አንድ ቦታ አይሆኑም። አለቀ።

ይሄ ሐሳብ ሲመጣልኝ ትዝ ይልዎታል? ኦክቶበር ነው፣ ትራም ስጠብቅ። ትራሙን ትቼ ወደ ቢሮዎ ስሮጥ እርስዎ ኮትዎን ለብሰው መብራት እያጠፉ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ስለፈልፍ "ኮቴን ለብሻለሁ፣ ቅዳሜ እናየዋለን" አሉኝ። ቅዳሜ አምቡላንስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ይሄንን ነገር ከሰው ጋር ተቀምጬ አላየሁትም። እየፈራሁ ነው የጻፍኩት።

ክፉ ነገር ካለ ይንገሩኝ። መንገር ይሻላል። አከራዬ "ልጅቷ እየከሳች ነው" ብላ ለእናቴ ደውላለች።

ኦቲሊያ


ታትራ፣ ፌብሯሪ 7
(ይህኛው አልተላከም)

ኦትካ፣

ገጽ 41 ቀዳዳ አለው።

አጥሩ ያልሽው ልክ ነው፣ መስመሩ ከውስጥ ተነሥቶ ውጭ ካረፈ። ግን አጥሩ ራሱ የሚነሣበትና የሚመለስበት ነጥብ አለ፤ በር በይው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ውስጥ ነው ውጭ? የትም አይደለም። መስመርሽ ከበሩ ይነሣል፣ ወደ ግቢው ይገባል፣ አጥሩን አንዴ ይሻገራል፣ በውጭ ዞሮ መጥቶ እዚያው በሩ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ቀለበት ሆኑ። አንዳቸውም ቀይ መሆን አይችሉም። ነጥቦችን ስታጣብቂ ስታጣብቂ አራቱም ጫፎች አንድ ቦታ የገቡ ቀን እዚያ ላይ ትቆሚያለሽ።

ይሄንን ሌላ ሰው አይሳሳተውም። ውስጥና ውጭ ብቻ የሚያይ እንደ እኛ ያለ ሰው ነው የሚሳሳተው። እኔም ዲሴምበር ላይ አንብቤ "እንከን የለውም" ብዬ ፈረምኩ። እጄ ይቆረጥ።

ውጤቱ እውነት ይመስለኛል። ፈረሰ የምለው ማረጋገጫው ነው። ነጥቦቹን የምታጣብቂበትን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ብንመርጥ አራቱ አንድ ላይ እንዳይገቡ ማድረግ ይቻል ይሆናል። ነርሷ የልብ ምት የምትሞላበትን ቀይ እርሳስ ለምኜ ወስጄ ስሞክር ሰነበትኩ፤ አንዱን ጋ ስደፍነው ሌላ ጋ ይከፈታል። አሁን ብነግርሽ ጽሑፍሽን ትስቢያለሽ፤ ከሳብሽ ጁን ላይ ተባረርሽ። ባልነግርሽ ደግሞ ኩቢንስኪ ሥዕል ነው የሚያየው። ምን ላድርግሽ? ትንሽ ቀን ልሞክረው። ከደፈንኩት እስከነመድፈኛው እልክልሻለሁ፣ አንቺም…


ታትራ፣ ፌብሯሪ 7

ኦትካ፣ ልጄ፣

ሥዕሉ ደረሰኝ። እጅሽ ጥሩ ነው፤ ሳይንሱ እንቢ ካለሽ እውነትም ልብስ ስፌት አለልሽ። ኢምሪሽ ግድግዳ ላይ ለጠፈውና ሐኪሙ የሳንባዬ ፎቶ መስሎት ቆሞ አየው።

ገጽ 41 ላይ ምንም የለም። ነጠላ ሰረዝ ጎድሎ ነበር። ፓቬልን አታንሺብኝ፣ ፓቬል ከመጀመሪያውም ኢንሹራንስ ነበር።

እንቅልፍ ትተኛለሽ? አከራይሽ እውነቷን ከሆነ ስጋ ብዪ። የትራሙን ነገር አስታወስኩት፤ ኮቱን ማውለቅ ነበረብኝ። እኔን ሐኪሞቹ ማርች መጀመሪያ ላይ ከፍተው ማየት ይፈልጋሉ፤ ከግራ ሳንባዬ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳሉ። ጥርስ እንደ መነቀል ነው ብለውኛል። ጥርስ ስነቀል የጮህኩትን ማርጊታ ትንገርሽ።

ሉቦር


ኮሺትሴ፣ ፌብሯሪ 18

ውድ መምህሬ፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው። ነጠላ ሰረዙን አስገብቻለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ከተማው ጾም ሳይገባ ልብላ እያለ ነው። አከራዬ አንድ ሙሉ ጎድጓዳ ሳህን ቦምቦሊኖ ጠብሳ አቀረበችልኝ፤ ሁሉንም በላሁት፣ ይንገሩልኝ ለወይዘሮ ማርጊታ። ትናንት በዋናው መንገድ ላይ የድብ ቆዳ የለበሱ ሰዎች ሲጨፍሩ አይቼ ሳቅኩ። አየሩም እየሞቀ ነው። ሁሉ ነገር ጥሩ ነው።

ወይዘሮ ማርጊታ የቀዶ ጥገናውን ቀን ነገሩኝ። ከእኔ ቀን በፊት ባለው ቀን ነው፤ ይገርማል አይደል? እባክዎ እስከዚያ ድረስ ስለ ሥራ አያስቡ። ጽሑፌን ከአልጋዎ ላይ ያንሡት። ለኢምሪሽ ይስጡት፣ ሻይ ያስቀምጥበት። ስለ ገጽ 41ም ሆነ ስለ ሌላ ገጽ ማንም ምንም ቢልዎ አይስሙ። ሐኪሞቹ የሚሉዎትን ብቻ ይስሙ።

እወድዎታለሁ፣ አክብሬም ነው የምወድዎት። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ይለፉኝ።

ኦቲሊያ


ታትራ፣ ማርች 3፣ እሑድ

ኦትካ፣

ደብዳቤሽ ደስታው በዛ። ሦስት ዓመት አውቅሻለሁ፣ አየሩ ሞቀ ብለሽ ስትጽፊ አላየሁሽም። ወይ ቀዳዳውን አላየሽም፣ ወይ አይተሽ ትደብቂኛለሽ። ሁለቱም ያስፈራኛል።

አዎ፣ ቀዳዳ አለ። ዋሽቼሻለሁ፤ ነጠላ ሰረዝ አልጎደለም። መስመሩ ከበሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አስቢ፣ ወዲያው ታዪዋለሽ። ልደፍነው ሞክሬ አቃተኝ። ማክሰኞ ይከፍቱኛል፤ እሮብ አንቺ ትቆሚያለሽ፣ እኔ አጠገብሽ የለሁም።

ስለዚህ ዛሬ የዋናዋን ነርስ ስልክ ለምኜ ኩቢንስኪ ቤት ደወልኩ። ምሳ ላይ ነበር፣ ሲያኝክ ይሰማኛል።

"ገጽ 41 ስህተት ነው" አልኩት።

"የቱ 41?"

"የልጅቷ። አራቱ ጫፎች አንድ ነጥብ ላይ ሲገቡ አይሠራም። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ኦክቶበር ላይ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ቅጂው አልኳት፣ ቀዳች። ተማሪ መምህሩን ይጠረጥራል እንዴ? ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን በቀረው ምዕራፍ ዳኟት።"

ማኘኩን አቆመ። "አንተ በራስህ አፍ ነው የምትለው?"

"በራሴ አፍ።"

"እናያለን" ብሎ ዘጋው።  ምናልባት ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሥዕል ነው የሚያየው፣ ራሱ ቢያገኘው ያንቺ ይሆን ነበር። አሁን የኔ ነው። እኔን ምን ያደርጉኛል? ግማሽ ሳንባ ያለውን ሽማግሌ ትራክተር ያስተምር ብለው አይልኩትም።

እባክሽ አትካጂኝ። ሲጠይቁሽ አዎ በይ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ኢምሪሽ ይሄን ደብዳቤ ነገ ማለዳ ፖስታ ያስገባዋል፤ ወደ ብራቲስላቫ ሳትነሺ ይድረስሽ።

ሉቦር


ከብራቲስላቫ ወደ ኮሺትሴ፣ ባቡር ውስጥ፣ ማርች 7

ውድ መምህሬ፣

ከጣቢያው ሆኜ ማገገሚያው ጋ ደወልኩ። ነርሷ "ቀዶ ጥገናው በደህና አልቋል፣ ተኝተዋል" አለችኝ። እየተነፈሱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "ካልተነፈሱ እንዴት ይተኛሉ?" ብላ ሳቀችብኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

አሁን ልናደድብዎት ነው፣ ስለዚህ ሲነቁ ብቻ ያንብቡት።

ለምን ደወሉ? ማን ይደውሉ አለዎት? እኔ ቀዳዳውን የማውቀው ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ትልቁን ሥዕል ለእርስዎ ከላክሁ በኋላ ለራሴ ሌላ ሣልኩ፤ መስመሩን ስከተል እርሳሴ በሩ ላይ ቆመና ወዴትም መሄድ አቃተው። ያን ቀን ምን እንደሆንኩ አልነግርዎትም። ልጽፍልዎት ጀምሬ ሳለ ወይዘሮ ማርጊታ መጡና "ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፣ ሐኪሞቹ ከአሁን በኋላ በምንም ነገር አይደንግጥ ብለዋል" አሉኝ። ምን ላድርግ? ቦምቦሊኖ በላሁ ብዬ ጻፍኩልዎት። አንዱንም አልበላሁትም። እርስዎ ደግሞ ያን ጊዜ ነጠላ ሰረዝ ጎደለ እያሉ ነበር። ተደባበቅን።

እንደማልደብቃቸው ወስኜ ነበር የሄድኩት። ኩቢንስኪ ቁጭ እንዳሉ ጽሑፉን 41 ላይ ገለጡት።  "ከመጠየቅዎ በፊት እኔ ልናገር" ብዬ ሰሌዳው ላይ ሁሉንም ሣልኩት፣ አጥሩን፣ በሩን፣ ዞሮ የሚመለሰውን መስመር። "እዚህ ጋ ማረጋገጫዬ ይቆማል። እንዴት እንደሚቀጥል አላውቅም" አልኩ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

 ከዚያ ኩቢንስኪ፣ "ጓድ ህሪንኮቫ፣ ይህ የገጽ 41 ሐሳብ የማን ነው?" አሉኝ።

"የኔ ነው።"

"ያስቡበት።"

"የኔ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ።"

"መምህርዎ ዶሴንት ጋይዶሽ እሑድ ዕለት ምሳ ላይ እያለሁ ደውለው የኔ ነው ብለውኛል። ሰሌዳ ላይ ጽፈው እንዳስቀዱዎት ነግረውኛል። እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።"

መምህሬ፣ ያቺን ሰዓት ይቅር አልልዎትም። አዎ ብል የማላውቀውን ሰሌዳ መሰክሬ እርስዎን አልጋ ላይ እያሉ ማዋረዴ ነው። አይደለም ብል መምህሬ ውሸታም ናቸው ማለቴ ነው።  በመጨረሻ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? "ኮታቸውን ለብሰው ነበር" አልኩ።

"ምን?"

"ሐሳቡን ስነግራቸው ኮታቸውን ለብሰው መብራት እያጠፉ ነበር። ቅዳሜ እናየዋለን አሉኝ። ቅዳሜ ታመሙ። ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። የኔ ነው፤ ትራም ስጠብቅ ነው ያሰብኩት።"

ከጥግ የተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን አፈኑ። ኩቢንስኪ ግን አልሳቁም። "በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰዎች ማረጋገጫው የኔ ነው ብለው ሲናከሱ አይቻለሁ። በቀዳዳ የሚጣላ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም" አሉና እንድወጣ ነገሩኝ።

ኮሪደር ላይ ቆየሁ። ውሳኔው ይሄ ነው፦ አልወደቅኩም፣ አላለፍኩምም። በመስመሮቹ መካከል ያሉት ክፍሎች ሁሉ ባለ አራት ጎን የሆኑበትን ምዕራፍ በደንብ ነው የተቀበሉት፤ እሱ በሌላ መንገድ ስለተረጋገጠ ይቆማል። ሦስተኛው ይጠገናል ወይ ይወጣል፣ ከዚያ ኖቬምበር ላይ እንደገና እቀርባለሁ። ውሌ ግን ጁን ላይ ያልቃል። ኩቢንስኪ "በምደባ ጉዳይ ሥልጣን የለኝም" አሉኝ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉኝ፣ እውነታቸውን ይመስለኛል። ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ ትራክተር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እኚያ የሳቁት ሽማግሌ ደረጃው ላይ ደርሰውብኝ፣ "ልጄ፣ ማናችንም አላየነውም ነበር። ኩቢንስኪም አላዩትም። ስልኩ ባይደወል፣ አንቺም ዝም ብትዪ፣ ዛሬ አልፈሻል ብለን እንጨብጥሽ ነበር" አሉኝ። ሁለታችንም ዝም ብንል ኖሮ፣ መምህሬ። እኔስ መናገሬ አይቀርም ነበር፣ ይመስለኛል። ግን እርስዎ ስለደወሉ አሁን መቼም ቢሆን እርግጠኛ ልሆን አልችልም። ይሄን ነው የወሰዱብኝ።

ደብዳቤ ልከውልኝ ከሆነ አልደረሰኝም። ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ለጽሕፈቴ ይቅርታ። ለቁጣዬ ይቅርታ አልጠይቅም። ይተንፍሱልኝ።

ኦቲሊያ


ታትራ፣ ማርች 24

ኦትካ፣

ብዙ ቁጭ ማለት አልችልም፣ ስለዚህ አጭር ነው። ደብዳቤሽን ማርጊታ ደብቃው ነበር፤ ኢምሪሽ ቦርሳዋ ውስጥ አይቶ ነገረኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት። በቁጣሽ ልክ ነሽ። ያቺን ቀን ወስጄብሻለሁ፣ ልመልስልሽም አልችልም። ሴፕቴምበርም መጣብሽ።

"ለምን ደወሉ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ማርጊታ ስትጠይቀኝ ልጅቷን ላድን ነው አልኳት፤ አመነችኝ፣ ግንባሬንም ሳመችኝ። ለአንቺ ግን እንደዚያ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ልዋሽሽ ስሞክር ምን እንደደረሰ አይተናል።

ሊያድንሽ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ግን ስልኩን ይዤ "የኔ ነው" ስለው ደስ አለኝ። ሌላ ነገር አልነበረም፣ ደስታ ነው። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ የሠራኋቸው ስህተቶች በሙሉ መደመሩን መቀነስ ያደረግኩባቸው፣ አንድ ቁጥር የዘለልኩባቸው ናቸው። ሰው አይቷቸው "እህ" ብሎ ያልፋል። ያንቺን ቀዳዳ ከፌብሯሪ ጀምሬ ስዞረው ኖርኩ፤ ሲከፍቱኝም እሱን እያሰብኩ ነው ያደነዘዙኝ። በሩ ላይ የቆመውን ነጥብ ማንም አስቦት አያውቅም፤ አንቺ ስለተሳሳትሽ ነው የተገኘው። ውጤቱ እውነት ከሆነ መንገዱ በዚያ በር ነው የሚያልፈው፣ ሌላ መንገድ አላየሁም። እንዲህ ያለ ስህተት በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ቀናሁብሽ፣ ልጄ። ለኩቢንስኪ የዋሸሁት ለአንቺ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ አፍታ የኔ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው።

ቅዳሜ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ኮት አልለብስም፣ አልጋ ላይ ነኝ። አብረን እንየው፤ ሲደፈን ግን በአንቺ ስም ብቻ ይጻፍ። ስህተቱም ያንቺ ነው። ማንም ቢለምንሽ እንዳትሰጪ፣ እኔም ብለምንሽ።

ሉቦር